«አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፦ በጫና ጊዜ በዳታቤዝ ውስጥ ድርብ ምዝገባን ስለ መከላከል

ይህ ጽሑፍ አሰላ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተጋበዙ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ድግግሞሽ ተቀንሷል። በመጨረሻም ከተሳታፊዎች ከተነሡት ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ ከነመልሳቸው ተያይዘዋል።



ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የዛሬውን ርእስ ለምን እንደ መረጥሁት አስቀድሜ ልናገር። ርእሱ ሲነበብ የፕሮግራመሮች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አንድ መዝገብ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ማድረግ ከሁለተኛ ዓመት የላቦራቶሪ መልመጃ የማያልፍ ተራ ነገር ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን የለወጠው ከመጽሐፍ ያገኘሁት ነገር አይደለም። በማዳበሪያ መጋዘን ደጃፍ ያየሁት ነው።

መጋዘኑ

በአርሲ ደጋ ከሚገኙት ወረዳዎች በአንዱ፣ ስሙን ባልጠራው ቦታ፣ የማዳበሪያ ክፍፍል በኮምፒውተር መመዝገብ ተጀምሮ ነበር። አርሶ አደሩ ይመጣል፣ ባለሙያዋ መለያ ቁጥሩን በታብሌት ያስገባሉ፣ ሥርዓቱ የተፈቀደለትን ኩንታል ከቀበሌው ኮታ ላይ ይቀንሳል፣ ደረሰኝ ይወጣል። በአካባቢያችን ማዳበሪያን በመዝገብ ማከፋፈል አዲስ ነገር አይደለም። በተለምዶ ካዱ የምንለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ ሲሰጥ የኖረው በመዝገብ ነው። አዲሱ ነገር መዝገቡን ብዙ እጆች በአንድ ጊዜ መጻፍ መቻላቸው ነበር።

የመኸር ስንዴ የሚዘራበት ጊዜ ደርሶ ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት መጣ። በሦስተኛው ቀን ሥርዓቱ «የቀበሌው ኮታ አልቋል» አለ። ወረፋው ግን አላለቀም። መጋዘኑም አላለቀም። በተከፈተው በር በኩል የተደረደረው ጆንያ ይታያል። ገበሬው ጆንያውን በዓይኑ እያየ «የለም» ተባለ። ሲጣራ በርካታ አርሶ አደሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግበው ተገኙ። ኮታው በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ተቀንሷል፤ ጆንያው ግን የወጣው አንድ ጊዜ ነው። ትርፍ ጆንያ በመጋዘን፣ ትርፍ ስም በመዝገብ ሲገኝ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ባለሙያዋ ጆንያዎቹን ለመሸጥ ያስቀሩት መስሎ ታየ። «እኔ የተጫንሁት አንድ ጊዜ ነው» አሉ። የሚያምናቸው አልተገኘም።

ጉዳዩን እንድመረምር በተጠራሁ ጊዜ የሰርቨሩን የጥያቄዎች ማኅደር ከፈትሁ። ድርብ በሆኑት መዝገቦች ሁሉ ጥያቄው ከአንድ ታብሌት ሁለት ጊዜ መጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን ሁልጊዜ ልክ 10 ሴኮንድ ነው። ዘጠኝም አይደለም፣ አሥራ አንድም አይደለም። የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም። በታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም በ10 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ጥያቄውን ራሱ ደግሞ እንዲልክ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። ባለሙያዋ እውነታቸውን ነበር፤ የተጫኑት አንድ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ የሰርቨሩን ኮድ አነበብሁ። ቁልፍ የሆነው ቦታ እንዲህ ይላል፦ በዚህ መለያ ቁጥር የተመዘገበ ሰው አለ ወይ ብለህ ፈልግ፤ ከሌለ አስገባ። ኮዱን የጻፈው ወጣት የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ወደ ቤቴ ተመልሼ አሮጌውን የማስተማሪያ ማስታወሻዬን ፈለግሁ። በገዛ እጄ ጽሑፍ «መጀመሪያ ፈልግ፤ ከሌለ አስገባ» ይላል። ልጁ ያጠፋው ነገር የለም፤ ያስተማርሁትን በታማኝነት ጽፏል። ባለሙያዋ ነጻ ተባሉ። ከወረፋው መጨረሻ የነበሩት ገበሬዎች ማዳበሪያቸውን ያገኙት ግን የዘር ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። የዛሬው ገለጻዬ እንግዲህ በከፊል እርማት ነው።

ስሕተቱ የት ላይ ነው?

ያደግሁት ጎበሳ ነው። በልጅነቴ እህል ይዤ በምላክበት ወፍጮ ቤት ጆንያ እየመዘነ በደብተር የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። ጆንያ ሁለት ጊዜ ተጻፈ የሚል ጠብ ሰምቼ አላውቅም። በገበያ ቀን ሰው ሲበዛ ግን ሁለተኛ መዛኝ ይጨመራል፤ ሁለተኛ ደብተርም ይከፈታል። ያን ጊዜ ጠቡ ይጀመራል። አንዱ መዛኝ «ይህ ጆንያ ተጽፏል?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ገና ነው» ይባላል፤ ሊጽፍ ጎንበስ ይላል። በዚያችው ቅጽበት ሌላውም ይጠይቃል፤ እርሱም «ገና ነው» ይባላል። ሁለቱም እውነት ሰምተዋል። ሁለቱም ትክክል አድርገዋል። ጆንያው ግን ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

በዳታቤዝም የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለት ጥያቄዎች፣ ሀ እና ለ እንበላቸው፣ ስለ አንድ አርሶ አደር በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ሀ ይፈልጋል፤ ዜሮ ረድፍ ያገኛል። ለ ይፈልጋል፤ እርሱም ዜሮ ረድፍ ያገኛል። ሀ ያስገባል፤ ያጸድቃል። ለ ያስገባል፤ ያጸድቃል። ስሕተቱ ከሁለቱ እርምጃዎች በአንዱም ውስጥ የለም። ስሕተቱ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ፍለጋው ስላለፈው ቅጽበት ይናገራል፤ ማስገባቱ የሚፈጸመው በሚቀጥለው ቅጽበት ነው።

«ሁለቱን እርምጃዎች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ብናደርጋቸውስ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። ይህ በተማሪዎቼ ዘንድ እጅግ የተስፋፋ እምነት ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ትራንዛክሽን የሚሰጠን ዋስትና የሚወሰነው በመለያየት ደረጃው ነው። ፖስትግሬስን በመሰሉ ብዙ ዳታቤዞች ነባሪው ደረጃ ሪድ ኮሚትድ ይባላል። በዚህ ደረጃ አንድ ትራንዛክሽን ሌሎች ያጸደቁትን ብቻ ያያል፤ ገና ያልጸደቀውን አያይም። ስለዚህ ሀ ረድፉን አስገብቶ ገና ሳያጸድቅ ለ ቢፈልግ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ደረጃውን ወደ ሪፒተብል ሪድ ብናሳድገው ነገሩ አይሻልም፤ በፖስትግሬስ ለ የሚያየው ትራንዛክሽኑ ሲጀምር የተነሣውን ፎቶግራፍ ነው፤ ሀ ቢያጸድቅ እንኳ ፎቶግራፉ አይለወጥም። ትራንዛክሽን «ወይ ሁሉም፣ ወይ ምንም» የሚለውን ይጠብቅልናል። «ከእኔ በቀር ማንም» የሚለውን ግን በራሱ አይጠብቅልንም።

ለምን በጫና ጊዜ ብቻ?

ያ ሥርዓት ከመዘርጋቱ በፊት ተሞክሯል። በሙከራው ጊዜ አንድም ድርብ መዝገብ አልታየም። ምክንያቱን በምሳሌ ቁጥር እንየው። ሰርቨሩ ሥራ በማይበዛበት ጊዜ ከፍለጋ እስከ ማጽደቅ ያለው ጊዜ 10 ሚሊ ሴኮንድ ነው እንበል። ታብሌቱ ጥያቄውን የሚደግመው ከ10 ሴኮንድ በኋላ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሲደርስ፣ ከነጭራሹ ከደረሰ፣ የመጀመሪያው ሥራውን ከጨረሰ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ፍለጋው ረድፉን ያገኘዋል፤ ሁሉም ሰላም ነው።

አሁን ጫና ይምጣ። ዳታቤዙ ተጨናንቆ የመጀመሪያው ጥያቄ 12 ሴኮንድ ይፈጅበት። በ10ኛው ሴኮንድ ታብሌቱ ተስፋ ቆርጦ ደግሞ ይልካል። የመጀመሪያው ገና በሥራ ላይ ሳለ ሁለተኛው ገባ ማለት ነው። ሁለቱም ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ። የከፋው ነገር የሚደገመው ጥያቄ ራሱ ጫናውን መጨመሩ ነው፤ ጫናው ሌሎችን ያዘገያል፤ የዘገዩትም ይደገማሉ። ስለዚህ ይህ ስሕተት በባዶ ላቦራቶሪ ውስጥ አይታይም፤ የሚታየው ሁሉም ሰው ሥርዓቱን በሚፈልግበት ቀን ነው። የዘር ሳምንት፣ የተማሪዎች ምዝገባ የመጨረሻ ቀን፣ የደመወዝ ቀን። ጉዳቱ ከፍተኛ የሚሆንበትን ቀን ጠብቆ የሚመጣ ስሕተት ነው።

የማያድኑ መድኃኒቶች

ሰዎች በመጀመሪያ የሚያስቡዋቸውን መፍትሔዎች በአጭሩ ልለፋቸው።

አንደኛ፣ አዝራሩን ከተጫኑት በኋላ እንዳይሠራ ማድረግ። ይህ ለተጠቃሚው መልካም ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም። በታሪካችን አዝራሩን የደገመው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ቁልፍ ማበጀት፤ አንድ ጥያቄ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ሌላው እንዲጠብቅ። ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ያነሣው የእርስ በርስ መገለል ችግር ይኸው ነው፤ መፍትሔውም ይሠራል፤ ነገር ግን ቁልፉ ያለው በአንድ ሰርቨር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ሰርቨር ስትጨምሩ ሁለት ቁልፍ ይኖራችኋል፤ የወፍጮ ቤቱ ሁለተኛ ደብተር ተከፈተ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በፍለጋው ላይ «ለማሻሻል ያዝ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ፎር አፕዴት የምንለውን፣ መጨመር። ይህ ያለን ረድፍ ይይዛል። እኛ ግን የምንፈራው ስለሌለው ረድፍ ነው፤ የሌለ ነገር አይያዝም። ማይኤስኪውኤል በነባሪ ደረጃው ረድፉ ሊገባበት የሚችለውን ክፍተት ይይዛል፤ ነገር ግን ያንኑ ክፍተት ሁለት ትራንዛክሽኖች በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ለማስገባት ሲሞክሩ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ዳታቤዙም አንዱን ይጥለዋል። ድርብ መዝገቡ ይቀራል፤ ተጠቃሚው ግን ባልጠበቀው ስሕተት ይደናገጣል።

አራተኛ፣ ሰንጠረዡን በሙሉ መቆለፍ። ይህ በእርግጥ ይሠራል። ነገር ግን ገበያውን ሁሉ በአንድ መዛኝ ፊት ማሰለፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ፒተር ቤይሊስና ባልደረቦቹ በሩቢ ኦን ሬይልስ የተጻፉ 67 ክፍት ፕሮግራሞችን መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ የሚደረግ የ«አለ ወይ?» ማረጋገጫ በአንድ ጊዜ በሚመጡ ጥያቄዎች ፊት ድርብ መዝገብን እንደማያስቀር በሙከራ አሳይተዋል። የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ መምህር ስሕተት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ምልክቱ ጆንያው ላይ ይሁን

ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስ። ባለቤቱ በመጨረሻ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር። «ደብተራችሁን አትመኑ፤ ከሰልና ጆንያውን እመኑ» አሉ። ማንኛውም መዛኝ ከመጻፉ በፊት በጆንያው ላይ በከሰል ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ያለበትን የሚነካ የለም። ደብተሩ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ጆንያው ግን አንድ ነው። ሁለቱ መዛኞች የግድ የሚገናኙበት ቦታ እርሱ ነው።

በዳታቤዝ ውስጥ ይህ ቦታ ዩኒክ ኮንስትሬይንት ይባላል፤ እኔ በአማርኛ ያለመደገም ገደብ እለዋለሁ። ለሰንጠረዡ «የአርሶ አደሩ መለያ፣ የምርት ዘመኑና የግብአቱ ዓይነት በአንድነት ሊደገሙ አይችሉም» ብለን እንነግረዋለን። ገደቡ የሚጠበቀው ቁልፎቹን በቅደም ተከተል በሚያስቀምጥ ኢንዴክስ ነው። ሀ ሲያስገባ ቁልፉ በኢንዴክሱ ውስጥ የተወሰነ ቦታ ይይዛል። ለ ያንኑ ቁልፍ ሊያስገባ ሲመጣ ወደዚያው ቦታ ይደርሳል፤ መድረሻው ሌላ ሊሆን አይችልም። በዚያ ያልጸደቀ ቁልፍ ቢያገኝ ሀ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ሀ ካጸደቀ ለ ውድቅ ይሆናል፤ ሀ ከሰረዘ ለ ይቀጥላል። ማየትና መያዝ አንድ ድርጊት ሆኑ፤ በመካከላቸው የነበረው ክፍተት ተዘጋ።

ለ ውድቅ ሲሆን ዳታቤዙ የሚመልሰው ኮድ በፖስትግሬስ 23505፣ በማይኤስኪውኤል 1062 ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ቁጥር እንደ ብልሽት አትዩት። መልስ ነው። «ሥራው ቀድሞ ተሠርቷል» ማለቱ ነው። ፕሮግራማችሁ ይህን መልስ ተቀብሎ ቀድሞ የተመዘገበውን ረድፍ ፈልጎ ለተጠቃሚው ያንኑ ደረሰኝ ሊመልስለት ይገባል። ባለሙያዋ በታብሌታቸው ላይ ቀይ ጽሑፍ ማየት የለባቸውም፤ ማየት ያለባቸው ደረሰኙን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ከወጣው ከ9.5 እትም ጀምሮ ፖስትግሬስ «አስገባ፤ ግጭት ካለ ምንም አታድርግ» የሚል አንድ ትእዛዝ አለው፤ ኦን ኮንፍሊክት ዱ ነቲንግ ይባላል። ስትጠቀሙበት ሁለት ነገር አስታውሱ። ግጭት በተፈጠረ ጊዜ ትእዛዙ ነባሩን ረድፍ አይመልስላችሁም፤ ለብቻው መፈለግ አለባችሁ። «ግጭት ካለ አሻሽል» የሚለው ወንድሙ ደግሞ የመጀመሪያውን መረጃ በሁለተኛው ሊሽር ይችላል፤ ይህን መፈለጋችሁን እርግጠኛ ሁኑ። በማይኤስኪውኤል ያለው ኢንሰርት ኢግኖር የሚባለው ትእዛዝ ከድርብነት ሌላ የሆኑ ስሕተቶችንም ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ስለሚያደርግ በጥንቃቄ ይያዝ።

ኮታው የሚቀነሰውም በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን። ምዝገባው ውድቅ ሲሆን ቅነሳው አብሮ ውድቅ ካልሆነ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ያየነው ነገር በሌላ መንገድ ይመለሳል።

«አንድ» ማለት ምን ማለት ነው?

እስካሁን የተናገርሁት የማሽኑን ክፍል ነው። አስቸጋሪው ክፍል የሚቀጥለው ነው፤ የእኛ ሀገር ጉዳይም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ገደቡ የሚጠብቀው ሰውን አይደለም፤ ቁልፉን ነው። ቁልፉ ሰውየውን በትክክል ካልወከለው ገደቡ ተግቶ የተሳሳተውን ነገር ይጠብቃል።

ስምን ቁልፍ ማድረግ እንመልከት። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ ተብሎ የተጻፈ ስም ለእኛ አንድ ነው፤ ለዳታቤዙ ሦስት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር አለውና። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ ይህንኑ ያደርጋሉ። የአፋን ኦሮሞ ስሞች ደግሞ አንድ ጊዜ በቁቤ፣ ሌላ ጊዜ በግእዝ ፊደል ይጻፋሉ። በአንጻሩ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸው፣ የአባታቸውና የአያታቸው ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ አያስገርምም። ስም እንግዲህ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። ለፍለጋ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ተጨማሪ ዓምድ ማበጀት ጠቃሚ ነው፤ ለገደብ ግን ስምን አትመኑ።

ቀንም እንዲሁ ነው። የምርት ዘመኑን አንዱ ጸሐፊ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ቢሞላው ገደቡ ሁለት ዘመን ያያል። የዘመን አቆጣጠሩ በሥርዓቱ ውስጥ አንድ ይሁን፤ ልወጣው በማሳያው ላይ ይደረግ።

ባዶ ዓምድም ወጥመድ ነው። በነባሪው የኤስኪውኤል ደንብ አንድ ባዶ ዋጋ ከሌላ ባዶ ዋጋ ጋር እኩል አይባልም፤ ስለዚህ የመለያ ቁጥሩ ባዶ የሆነ ሰው መቶ ጊዜ ቢመዘገብ ገደቡ ዝም ይላል። ዓምዱ ባዶ እንዳይሆን ከልክሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፖስትግሬስ 15 ባዶዎችን እኩል አድርጎ የሚቆጥር አማራጭ ጨምሯል።

የፋይዳ ቁጥር እዚህ ላይ ነው ትርጉም የሚያገኘው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የታቀፈው ይህ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ከጣት አሻራ፣ ከዓይን ብሌንና ከፊት ገጽታ ጋር ተያይዞ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ እንዲሆን የታሰበ ነው። ለሌሎች ሥርዓቶች መልካም ቁልፍ ይሆናል። የመታወቂያ ምዝገባው ራሱ ግን ከእኛ የከበደ ጥያቄ አለበት፤ ሁለት የጣት አሻራ ቅጂዎች እኩል አይሆኑም፤ ይመሳሰላሉ እንጂ። እኩልነትን የሚጠብቅ ኢንዴክስ መመሳሰልን ሊጠብቅ አይችልም። እንዲህ ባለ ቦታ ማመሳከርና ማጽደቅ በወረፋ ተራ በተራ መፈጸም፣ ወይም ከማጽደቅ በኋላ ደግሞ ማመሳከር የግድ ይላል።

መደገሙ እውነት ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ድርብ የሚመስለው ነገር እውነት ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብርን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ገንዘብ በስልክ መላክን ወደ ገጠር አድርሰዋል። አንድ ሰው ለአንድ ነጋዴ ጧት 500 ብር፣ ከሰዓት በኋላ 500 ብር ቢልክ ሁለቱም ክፍያዎች ናቸው። ላኪ፣ ተቀባይና መጠን አይደገሙ ብንል እውነተኛውን ክፍያ እንከለክላለን። እንግዲህ የምንለየው ክፍያን ከክፍያ ሳይሆን ፍላጎትን ከፍላጎት ነው።

መንገዱ ይህ ነው። ቅጹ በተከፈተ ቅጽበት ስልኩ ራሱ አንድ የማይገመት ረጅም መለያ ያወጣል። ጥያቄው አንዴም ተላከ አሥር ጊዜ መለያው ያው ነው። ተጠቃሚው አዲስ ክፍያ ሲጀምር ብቻ አዲስ መለያ ይወጣል። ሰርቨሩ መለያውን ያለመደገም ገደብ ባለበት ዓምድ ያስገባል፤ ክፍያውንም በዚያው ትራንዛክሽን ይመዘግባል። በሁለት የተለያዩ ትራንዛክሽኖች ከሆነ በመካከል መብራት ቢጠፋ መለያው ተይዞ ክፍያው ሳይፈጸም ይቀራል። በአንድ መለያ የተለየ መጠን ከመጣ ደግሞ ሰርቨሩ መቃወም አለበት፤ አንዱ ወገን ተሳስቷልና።

ነባሩን መዝገብ ስለ ማጽዳት

በሥራ ላይ ባለ ሥርዓት ገደብ ለመጨመር ስትሞክሩ ዳታቤዙ እምቢ ሊል ይችላል፤ ድርብ መዝገቦች ቀድመው ገብተዋልና። ያን ጊዜ ወደ መሰረዝ አትሩጡ። ከሁለቱ ረድፎች የትኛው ደረሰኝ እንደ ወጣበት፣ የትኛው ኮታ እንደ ቀነሰ ሳይጣራ የተሰረዘ ረድፍ የአንድን ሰው መብት ይዞ ይሄዳል። ድርቦቹን በቁልፋቸው ቁጠሩ፤ የሚቀረውን በጽሑፍ በተቀመጠ ደንብ ምረጡ፤ የሚነሣውን በሌላ ሰንጠረዥ አኑሩ። ከዚያ ገደቡን ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ገደቡ እስኪጨመር ድረስ የሚጸዳው መዝገብ እንደገና ይቆሽሻልና በጽዳቱና በገደቡ መካከል ምዝገባ ይቁም ወይም በቅርብ ክትትል ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የሀገራችን ሰው። ገደቡን በመጀመሪያው ቀን መጻፍ አንድ መስመር ነው። ከዘር ወቅት በኋላ መጻፍ ግን ኮሚቴ፣ ምርመራና የሰው ስም ያስከፍላል። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የየራሳችሁን ፕሮጀክት ከፍታችሁ «ፈልግ፤ ከሌለ አስገባ» የሚለውን ቦታ ፈልጉ። ያስተማርሁት እኔ ልሆን እችላለሁ።

ከተሳታፊዎች የተነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከፍተኛውን የመለያየት ደረጃ፣ ሲሪያላይዘብልን፣ ብንጠቀም ገደቡ አያስፈልግም ማለት ነው?

መልስ፦ ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ከ9.1 እትም ወዲህ፣ እውነተኛ ሲሪያላይዘብል አለው፤ እንዲህ ያለውን ግጭት ይይዛል፤ ከሁለቱ አንዱን ይጥላል። ነገር ግን ዋስትናው የሚሠራው ወደ ሰንጠረዡ የሚጽፈው ሁሉ በዚያ ደረጃ ሲጽፍ ነው፤ ፕሮግራሙም የተጣለውን ደግሞ መሞከር አለበት። ነገ ሌላ ሰው በዝቅተኛ ደረጃ የሚጽፍ ፕሮግራም ቢጨምር ዋስትናው ይላላል። ገደቡ ግን ማንም ይጻፍ፣ በምንም ደረጃ ይጻፍ፣ ይጠብቃል። ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ገደቡን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ በቆላማ ቀበሌዎች ኔትወርክ ጨርሶ የለም። ታብሌቱ ለብቻው መዝግቦ ማታ ሲገናኝ ነው የሚልከው። ያን ጊዜ ገደቡ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ታብሌቶች ካልተገናኙ የትኛውም ዳታቤዝ ድርቡን በጽሕፈት ቅጽበት ሊያግደው አይችልም፤ ጆንያው ራሱ ሁለት ቦታ ሆኗልና። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሥራውን መከፋፈል ነው፤ እያንዳንዱ አርሶ አደር በአንድ የተወሰነ ታብሌት ላይ ብቻ እንዲመዘገብ ማድረግ። ሁለተኛው ምዝገባውን ጊዜያዊ ብሎ መቀበልና ማዳበሪያው የሚወጣው ማእከሉ ሲያጸድቀው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። የትኛው ይሻላል የሚለውን የሚወስነው መንገዱ ርቆ ገበሬው ሁለት ጊዜ መመላለስ መቻል አለመቻሉ ነው። ይህ የፕሮግራመር ውሳኔ ብቻ መሆን የለበትም፤ ቀበሌውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለሙያዋ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?

መልስ፦ ሥራቸው ላይ ናቸው። ሥርዓቱ ከታረመ በኋላ በመጀመሪያው የዘር ሳምንት ሄጄ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ታብሌቱም ደግሞ ላከ፤ የመጣው ደረሰኝ ግን አንድ ነው። እርሳቸው አሁንም እያንዳንዱን ስም በእጃቸው በደብተር ይጽፋሉ። እንዲተዉት አልነገርኋቸውም።